የኮሌጅ ልጆች ለኤንቢኤ ድራፍት ሲቀርቡ መጀመሪያ የምታዩት ምንድነው?

የሲልቨር ስፕሪንጉ ጻፈ፦

ሰላም ቤተሰብ። የ2025-26 የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሊጀመር ጥቂት ቀን ነው የቀረው፤ እኛ ጋ ግን ጭቅጭቁ ከወዲሁ ጦፏል። በየዓመቱ ወሬው አንድ ነው፦ "ይሄ ልጅ ኤንቢኤ ይገባል"፣ "አይ፣ እሱ እንኳን አይገባም"። ሰኔ ላይ ድራፍቱ፣ ክለቦች ተራ በተራ አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት ቀን፣ ሲመጣ የግማሻችንን ግምት ውሃ ይበላዋል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። የኮሌጅ ልጅ ስታዩ ዓይናችሁ መጀመሪያ የት ላይ ያርፋል? የኔ ጓደኞች ነጥብ ቆጣሪ ናቸው። 25 ካገባ አለቀ፣ ኮከብ ነው። እኔ ይሄን አካሄድ ከጂመር ፍሬዴት በኋላ ትቼዋለሁ። ልጁ በ2011 ለቢዋይዩ (ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ) እየተጫወተ በአማካይ 28.9 ነጥብ አግብቶ ከአገሪቱ አንደኛ ወጣ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። በ10ኛ ተመርጦ ሳክራመንቶ ገባ። ከሱ በኋላ የተጠሩትን ተመልከቱልኝ፦ ክሌይ ቶምፕሰን 11ኛ፣ ካዋይ ሌናርድ 15ኛ፣ ጂሚ በትለር 30ኛ። የመጨረሻው 60ኛ አይዛያ ቶማስ እንኳ ኦል ስታር (የኮከቦች ጨዋታ) ደርሷል። ፍሬዴት ከክለብ ክለብ ሲንከራተት ቆይቶ ቻይና ሄደ።

ለአዲስ ገቢዎች ያህል፦ 30 ክለብ፣ ሁለት ዙር፣ ቢበዛ 60 ስም ነው የሚጠራው። ከአውሮፓና ከአውስትራሊያ የሚመጡት የራሳቸውን ድርሻ ሲወስዱ ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚተርፈው ከዚያ ያንሳል። በዲቪዚዮን አንድ፣ በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ፣ ብቻ ደግሞ ከ350 በላይ ኮሌጅ አለ፣ እያንዳንዱ ከአስር በላይ ልጅ ይዞ። እንግዲህ በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ እናንተው አስሉት።


ቁጥር አዋቂ ጻፈ፦

ወንድሜ፣ እኔ ነጥቡን አልፌ በቀጥታ ፍሪ ስሮው (የቅጣት ውርወራ) ላይ ነው የምሄደው።

የኮሌጅ ልጅ በዓመት ከ30 እስከ 40 ጨዋታ ቢጫወት ነው። በዚህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ የሚወረውረው ሶስት ነጥብ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ነው። አስሩ በዕድል ቢገባለት ወይ ቢወጣበት መቶኛው ይገለባበጣል። በዚያ ላይ መስመሩ ራሱ ሌላ ነው፦ ኮሌጅ 6.75 ሜትር፣ ኤንቢኤ 7.24 ሜትር፣ ጥጉ ላይ ብቻ 6.70። ፍሪ ስሮው ግን የትም ሂድ የት ርቀቱ ያው ነው። ተከላካይ የለም፣ የሚያዋክብ የለም። የልጁ እጅ ብቻ ነው የሚታየው።

2017ን ውሰዱ። ማርኬል ፉልትዝ ዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ እያለ ሶስት ነጥቡን 41.3 በመቶ ያገባ ነበር። ጄሰን ቴተም ዱክ እያለ 34.2 ብቻ። ታዲያ ተኳሹ ማን ነው? ፉልትዝ፣ አይደል? ፍሪ ስሮውን ገልጣችሁ ስታዩ ግን ፉልትዝ 64.9፣ ቴተም 84.9። ሃያ ነጥብ ልዩነት! ቦስተን አንደኛ የመምረጥ ዕጣውን ለፊላደልፊያ ለቆ ሶስተኛ ወረደና ቴተምን ወሰደ፤ ተጨማሪ የመጀመሪያ ዙር ዕጣም ተቀበለበት። ፉልትዝ በኤንቢኤ ቆይታው ሶስት ነጥቡ 30 በመቶ አልደረሰም።

ያችው ፊላደልፊያ በ2020 ተካሰች። ታይሪስ ማክሲ ኬንታኪ ላይ ሶስት ነጥቡ 29.2 በመቶ ነበር። "መተኮስ አይችልም" ተብሎ እስከ 21ኛ ወረደ። ፍሪ ስሮው? 83.3። በሁለተኛ ዓመቱ ኤንቢኤ ውስጥ ሶስት ነጥቡን ከ42 በመቶ በላይ ያገባ ነበር።


ሬይኒየር ጻፈ፦

ይሄን ወሬ ስንቴ ሰማሁት! ሲያትል ነኝ፣ ፉልትዝን በአካል ነው ያየሁት። ቡድኑ 9 አሸንፎ 22 የተሸነፈ ምስኪን ቡድን ነበር፤ እሱ ግን ብቻውን 23 ነጥብ እያገባ ስድስት ያህል አሲስት ያቀብል ነበር። ከድሪብል ቆም ብሎ ሲነሳ ተከላካዩ ገና ወደ ኋላ እየሄደ ነው። አንደኛ መመረጡ ማንንም አልገረመም።

ኤንቢኤ ከገባ በኋላ የሆነው ሌላ ጉዳይ ነው። ትከሻው ታመመ። በ2018 መጨረሻ ቶራሲክ አውትሌት ሲንድረም የሚባል የነርቭ ችግር እንዳለበት ሐኪሞች ተናገሩ። ያን ሰሞን ፍሪ ስሮው ሲወረውር ያየ ሰው አይረሳውም፤ ኳሷ ወደ ላይ ልትወጣ ስትል እጁ ላይ ቀጥ ትላለች፣ መልሶ ያገላብጣታል፣ ከዚያ ይገፈትራታል። ልጁ እጁ የራሱ አልነበረም። ይሄን ኮሌጅ ላይ ባለ ቁጥር ማን ይተነብያል? ነገር ካለፈ በኋላ ሁሉም ነቢይ ነው።


ቁጥር አዋቂ ጻፈ፦

ሕመሙን አልካድኩም። ግን 64.9 ከሕመሙ በፊት የተመዘገበ ነው። ቦስተኖች ያን አይተዋል ባልልም፣ ለማየት ለፈለገ ወረቀቱ ላይ ነበር።


ሬይኒየር ጻፈ፦

እሺ፣ ያው በዚያው ዓመት ሁለተኛ የተመረጠውን ሎንዞ ቦልን ምን ልትለው ነው? ዩሲኤልኤ ላይ ፍሪ ስሮው 67.3 ነበር። በኋላ አወራወሩን ቀየረ፣ ቺካጎ ሲደርስ ሶስት ነጥቡን ከ42 በመቶ በላይ አገባ።

ሌላም ልጨምርልህ። ከላይ የተጠቀሰው ፍሬዴት ፍሪ ስሮው ወደ 90 በመቶ የተጠጋ ነበር። ያንተ ሚዛን እሱን ኮከብ ያደርገዋል።


ቁጥር አዋቂ ጻፈ፦

ፍሬዴትማ ተኩሷል! ኤንቢኤ ውስጥም ሶስት ነጥቡ 37 በመቶ ግድም ነበር። ሚዛኑ ስለ ተኩስ የነገረን ነገር ልክ ነው። መከላከል ስለማይችል ሜዳ ላይ ማቆየት አልተቻለም እንጂ። እዚያ ሊግ ውስጥ ከአምስቱ ደካማው ተከላካይ የቱ ነው ብለው ፈልገው፣ በፒክ ኤንድ ሮል (አንዱ ተከላካዩን በሰውነቱ ጋርዶ ለጓደኛው መንገድ በሚከፍትበት ዘዴ) እየጎተቱ እሱ ላይ ነው የሚመጡት። ኮሌጅ ላይ ዞን (ሰው ሳይሆን ቦታ የሚጠበቅበት መከላከል) ገብተህ ልትደብቀው ትችላለህ።

ስለዚህ ሁለተኛዋ የምመለከታት አምድ ስቲል (ኳስ መንጠቅ) ናት። ፍሬዴትንና የኤንቢኤ ታላቅ ኮከብ የሆነውን ስቴፍ ከሪን አስተያዩ። ሁለቱም አገሪቱን በነጥብ የመሩ፣ ሁለቱም "አጭር፣ ቀጭን፣ ትልቅ ኮሌጅ ያልተጫወተ" የተባሉ። ከሪ በመጨረሻ ዓመቱ ዴቪድሰን ላይ 28.6 ነጥብ አገባ፤ ማለት ይቻላል እኩል ናቸው። ነገር ግን ከሪ በጨዋታ 2.5 ኳስ ይነጥቅ ነበር፤ የፍሬዴት የዚያ ግማሽ ያህል ነው። ኳስ መንጠቅ ፈጣን እጅና ፈጣን ጭንቅላት ይጠይቃል፤ ነገሩ ሳይሆን በፊት ማየት ነው። ይሄ ሊግ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።


ቤቲ ከሚኒሶታ ጻፈች፦

ከሪን ባታነሱት ምናለ! እኛ ሚኒሶታ ያለን ሰዎች ቁስላችን አልደረቀም እኮ። 2009፣ አምስተኛና ስድስተኛ ዕጣ በተከታታይ የኛ ነበር። ሁለት ፖይንት ጋርድ (ጨዋታ አቀናባሪ) ወሰድን፦ ሪኪ ሩቢዮ፣ ከዚያ የሲራክዩሱ ጆኒ ፍሊን። ሰባተኛ ከሪ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ "በሁለት ጥይት ስቶ በሶስተኛው ጎረቤት አገባ" ይላል።

ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እየተከታተልኩ ነው። ልጁ ከትንሽ ኮሌጅ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ ያገባውን ትቼ ከትልልቆቹ ጋር የገጠመባቸውን አምስት ስድስት ጨዋታ ብቻ ለይቼ አያለሁ። ከሪ በ2008 በማርች ማድነስ (የኮሌጆች የዋንጫ ውድድር) ጎንዛጋ ላይ 40 ነጥብ አግብቶ፣ ቡድኑን እስከ ስምንቱ ድረስ አድርሶ ካንሳስ ጋር በ59 ለ57 ነው የወደቀው። ካንሳስ ያን ዓመት ዋንጫውን የበላ ቡድን ነው። "ደካማ ሊግ ላይ ነው የሚያገባው" የሚለው ክርክር እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሲጄ መኮለም ከሊሃይ መጥቶ በ2012 ዱክን ሲጥል 30 ነጥብ አገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት 10ኛ ተመረጠ። ዴሚየን ሊላርድም ከዌበር ስቴት፣ 6ኛ።


አባ ሪባውንድ ጻፈ፦

ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ ጋርድ ብቻ ነው የምታወሩት። ረጃጅሞቹስ?

ረጅም ሲሆን ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። ኮሌጅ ላይ ተከላካዩ ቀለበቱ ስር ቆሞ ቢውል የሚነካው የለም። ኤንቢኤ ላይ የሚጠብቀው ሰው አጠገቡ ከሌለ ከሶስት ሰከንድ በላይ ቀለም የተቀባው ውስጥ መቆም አይችልም፤ ያስቀጣዋል። ኳስ ይዞ እስከ መወርወር የሚፈቀደው ሰዓትም ኮሌጅ 30 ሰከንድ፣ እዚያ 24 ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ላይ ብሎክ (የተወረወረ ኳስ ማገድ) የሚያበዛ ልጅ ሳይ፣ ብሎኩን ከመቁጠሬ በፊት ከየት ተነስቶ እንደደረሰበት ነው የማየው። ቆሞ ሲጠብቅ ከነበረ አልቆጥርለትም። ከሶስት ነጥብ መስመር ተመልሶ ደርሶ ከሆነ እሱ ሰው ነው።

ሃሺም ታቢትን አስታውሱ። ታንዛኒያዊ፣ የዳሬሰላም ልጅ። ዩኮን (ኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ) ላይ አንድም ቡድን ቀለበቱ አጠገብ ድርሽ እንዳይል ያደርግ ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነውና እኛም ደስ ብሎን ነበር። ሜምፊስ በ2009 ሁለተኛ አድርጎ ወሰደው፤ ጄምስ ሃርደን ሶስተኛ፣ ከሪ ሰባተኛ በቀሩበት ዓመት! ኤንቢኤ ላይ ወጣ በል፣ ጋርዱን ተከተል፣ ተመለስ ሲሉት እግሩ አልታዘዘም። በመጀመሪያው ዓመት ወደ ታችኛው ሊግ ላኩት።


የሲልቨር ስፕሪንጉ ጻፈ፦

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ዛክ ኢዲም መውደቅ ነበረበት። 2 ሜትር ከ24፣ ዘገምተኛ ይባል የነበረ። ፐርዱ ላይ ሁለት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱ ምርጥ ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው ሁለተኛ ዙር ነው ይለው ነበር። ሜምፊስ በ2024 በ9ኛ ሲወስደው ተሳቀበት። መጨረሻ ላይ ምርጥ አምስት አዲስ ተጫዋቾች ውስጥ ገባ።


አባ ሪባውንድ ጻፈ፦

ኢዲ ግን በየዓመቱ ይለወጥ ነበር ልጄ። አራት ዓመት ኮሌጅ ተቀምጦ በአንደኛው ዓመት ያየኸውና በአራተኛው ያየኸው አንድ ሰው አይደለም። ትንፋሹን ገዛ፣ ፋውል ሳያበዛ ረጅም ደቂቃ መቆየት ተማረ። ታቢት የጀመረው ዘግይቶ ስለነበር ጊዜ አልበቃውም፤ የሚጠብቀው ቡድንም አላገኘም።

አሁን ዓይኔ ያለው የዱኩ ካማን ማልዋች ላይ ነው። ደቡብ ሱዳናዊ፣ ኡጋንዳ ያደገ። በ17 ዓመቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ለአገሩ ተሰለፈ። በ2025 10ኛ ተመርጦ ፊኒክስ ገባ። ክንዱ ሲዘረጋ 2 ሜትር ከ30 ነው። ይሄ ሁሉ ጥሩ፤ እኔን ያስደሰተኝ ግን ዱክ ላይ ፍሪ ስሮውን ከአራት ሶስቱን ማግባቱ ነው። የቁጥር አዋቂ ሚዛን ለረጃጅሞቹም ትሠራለች ማለት ነው። ታቢት እጁ እንዲህ አልነበረም። ደቡብ ሱዳኖች ደግሞ ፌዴሬሽናቸውን ሉዎል ዴንግ ነው የሚመራው፤ እሱም ዱክ ተጫውቶ በ2004 7ኛ የተመረጠ ነው። መንገዱን የሚያውቅ ታላቅ ወንድም ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። የኛዎቹ ረጃጅሞች የት እንዳሉ እንጃ፣ ጋምቤላ ድረስ የሚሄድ ስካውት (ተጫዋች መልማይ) ቢገኝ...


ከቦሌ ጻፈ፦

ከአዲስ አበባ ሰላም። እኛ እዚህ ድራፍቱን የምናየው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ ከፈቀደ። ብዙ ነገር ከናንተ እየተማርኩ ነው። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ልጆቹ አንድ ዓመት ኮሌጅ ተምረው የሚሮጡት ለምንድነው? ኢዲን እንደሰማሁት አራት ዓመት መቆየት ከጠቀመ ለምን አይቆዩም?


ቁጥር አዋቂ ጻፈ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ከ2006 ጀምሮ አሜሪካዊ ልጅ ከሃይስኩል በቀጥታ መግባት አይችልም፤ በድራፍቱ ዓመት 19 መሙላት አለበት፣ ከሃይስኩል ከወጣም አንድ ዓመት ማለፍ አለበት። ኮሌጅ የሚቆዩባት አንዷ ዓመት የመጣችው ከዚያ ነው።

የሚሮጡበት ምክንያት ደግሞ ዕድሜ ነው። ክለብ የሚገዛው ልጁ ዛሬ የሚችለውን አይደለም፣ ከአራት ዓመት በኋላ የሚሆነውን ነው። በ2025 አንደኛ የተመረጠው ኩፐር ፍላግ ዱክን ሲመራ የቆየው በ18 ዓመቱ ነው። 18 ዓመት ልጅ 22 ዓመት ጎልማሶችን እየበለጠ ከሆነ ቁጥሩ በእጥፍ ይነበባል። ተቃራኒው ክሪስ ዱዋርቴ ነው፤ በ2021 ከኦሬጎን ወጥቶ 13ኛ ሲመረጥ 24 ሞልቶታል። የመጀመሪያ ዓመቱ ቆንጆ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ግን ከፍ የሚልበት ቦታ አልቀረውም።

አሁን ግን ሩጫው ቀንሷል፣ በገንዘብ ምክንያት። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙ መነገድ ተፈቀደለት፤ ከ2025 ክረምት ጀምሮ ደግሞ ኮሌጆቹ ራሳቸው ይከፍላሉ፣ ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ በመጀመሪያው ዓመት በኮሌጅ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። በድራፍቱ በኩል አንደኛ ዙር የተመረጠ ልጅ ሁለት ዓመቱ በዋስትና ነው፣ 30ኛው እንኳ በዓመት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል። ሁለተኛ ዙር ላይ ግን ሕጉ የሚሰጠው ዋስትና የለም፤ ብዙዎቹ ቱ-ዌይ በሚባለው፣ በኤንቢኤና በታችኛው ሊግ መካከል በሚያመላልሰው ውል ነው የሚገቡት፣ እሱም በ2025-26 ወደ 636 ሺህ ዶላር ነው። ታዲያ 45ኛ እመረጣለሁ ብሎ የሚገምት ልጅ፣ ኮሌጁ ከዚያ በላይ እየከፈለው ምን በወጣው ይሄዳል? በ2021 ቀድመው ስማቸውን ያስገቡ ከ350 በላይ ነበሩ፣ በ2025 ወደ መቶ ወርደዋል።

ለገማቾች ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው። ሁለተኛው ዙር ሳስቷል። ከ40ኛ በኋላ ያለውን ለመገመት መድከም ውሃ መውቀጥ ነው።


በር ላይ ነኝ ጻፈ፦

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አንድ ነገር ልበል። አንድ የኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ስካውቶች ሲመጡ ወዲያው እናውቃቸዋለን። ጨዋታው ሊጀመር ሰዓት ተኩል ሲቀረው ይገባሉ፣ ገና ተመልካች ሳይኖር። ልጆቹ ሲያሟሙቁ ነው አብዛኛውን የሚጽፉት።

ባለፈው ዓመት አንዱን ልብ ብዬ አየሁት። ሁላችንም ኳሷን ስንከተል እሱ አንድ ልጅ ላይ ነው ያፈጠጠው። ልጁ ተቀይሮ ሲወጣ አሠልጣኙ የዘረጋለትን እጅ አልፎ ሄደ። ፎጣውን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ የወንበሩ ዳር ላይ ተቀመጠ። ታይም አውት ሲጠራ ሁሉም ተነስተው ሲከብቡ እሱ በስተኋላ ቆሞ ወደ ተመልካች ያያል። ሰውየው ጻፈ። ያ ልጅ ያን ቀን 20 ምናምን ነጥብ አግብቷል እኮ።

በእረፍት ሰዓት ደግሞ የሚያዋራው አሠልጣኞቹን አይደለም። ትጥቅ የሚያጥበውን ሠራተኛ፣ ወለል የምትወለውለዋን እናት ነው። "ከልምምድ በኋላ ይቆያል? ማን ይወስደዋል? ኳሶቹን ማን ይሰበስባል?" ይላል። እኔንም ጠይቆኛል። የማውቀውን ነገርኩት፣ ጥሩውንም መጥፎውንም።


ቤቲ ከሚኒሶታ ጻፈች፦

ወይ ጉድ! የልጁ ዕጣ በናንተ እጅ ነው በለኛ።


ሬይኒየር ጻፈ፦

ይሄ ነው እውነቱ። ቁጥር፣ ቁመት፣ ፎጣ፣ ሁሉም ተደምሮ ክለቦቹ ራሳቸው ይስታሉ። ቺካጎ ላይ በየሜይ ልጆቹን ያለ ጫማ ይለካሉ፣ ያዘልላሉ፣ ያሯሩጣሉ። ከ2024 ወዲህ የተጠራ ልጅ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ለድራፍት ብቁ አይሆንም፤ የሕክምና ምርመራውም ግዴታ ነው። እሱ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ዋናው ምስጢር ጉልበትና ጀርባ ላይ ነው ያለው። ግሬግ ኦደን በ2007 አንደኛ ተመርጦ ፖርትላንድ ሲገባ የመጀመሪያውን ዓመት በጉልበት ቀዶ ሕክምና አሳለፈው፤ በሙያ ዘመኑ በጠቅላላ 105 ጨዋታ ነው የተጫወተው። ሁለተኛው ኬቪን ዱራንት ነበር። በልኬቱ ቀን 84 ኪሎ ብረት አንድ ጊዜ እንኳ ማንሳት አልቻለም ተብሎ መሳቂያ ሆነ። እኛ ሲያትል ወሰድነው። አንድ ዓመት አየነው፣ በ2008 ክለቡን ከነልጁ ወደ ኦክላሆማ ወሰዱብን። ቤቲ፣ ያንቺ ቁስል ቁስል ነው?

ግን ልል የፈለግኩት፣ ከልጁ እኩል ቡድኑን መመዘን አለብን። ኬንታኪን እዩ። ዴቪን ቡከር እዚያ 38 ጨዋታ ሲጫወት አንድም ቀን ቋሚ ተሰላፊ አልነበረም፤ አማካዩ 10 ነጥብ ብቻ። ለምን? ቡድኑ ኮከብ በኮከብ ስለነበር። 13ኛ ተመርጦ ፊኒክስ በሄደ በሁለተኛ ዓመቱ ቦስተን ላይ 70 ነጥብ አገባ። ሻይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር 11ኛ፣ ባም አዴባዮ 14ኛ፣ ታይለር ሂሮ 13ኛ፣ ማክሲ 21ኛ፤ ሁሉም ከዚያው ኮሌጅ፣ ሁሉም ከዋጋቸው በታች የተሸጡ። አሁን ኬንታኪ ላይ ትንሽ ኳስ የሚነካ ልጅ ሳይ አስር ቦታ ከፍ አድርጌ ነው የምጽፈው።


አባ ሪባውንድ ጻፈ፦

የተመረጠበት ቦታ ላይም ብዙ አትጨነቁ። ጄለን ብራንሰን ቪላኖቫ ላይ ሁለት ዋንጫ በልቶ፣ በ2018 የአገሪቱ ምርጥ ተብሎ 33ኛ ነው የተጠራው። "አጭር ነው፣ አይዘልም"። ዳላስ አራት ዓመት ይዞት ለኒውዮርክ ለቀቀው። ድሬይመንድ ግሪን 35ኛ። ፍሬድ ቫንቭሊት በ2016 ጭራሽ አልተጠራም፤ በ2019 ከቶሮንቶ ጋር ዋንጫ አነሳ። የሶስቱን የጋራ ነገር ልንገራችሁ? ሶስቱም ትልልቅ ጨዋታ የለመዱ፣ ሶስት አራት ዓመት ኮሌጅ የተቀመጡ፣ ሜዳ ላይ ሌላውን የሚያዝዙ ናቸው። ዕድሜ ዕድሜ ስትሉ እነዚህን አትርሱ።


ቁጥር አዋቂ ጻፈ፦

ጋሼ፣ አክብሬ ልቃወምዎት። ለአንድ ብራንሰን አራት ዓመት ተቀምጠው አውሮፓ የገቡ ስንት ምርጥ ጋርዶች አሉ። የወጡትን ብቻ እየቆጠርን ነው።


አባ ሪባውንድ ጻፈ፦

አውሮፓ መግባት ምን ነውር አለው? እንጀራ ነው።


ከቦሌ ጻፈ፦

እሺ፣ ወሬው ጣፍጧል፤ ዘንድሮስ? እዚህ የሰፈር ልጆች ሶስት ስም ነው የሚደጋግሙት፦ የካንሳሱ ዳሪን ፒተርሰን፣ የቢዋይዩ ኤጄ ዲባንሳ፣ የዱኩ ካሜሮን ቡዘር። ቡዘር የካርሎስ ቡዘር ልጅ ነው አይደል?


የሲልቨር ስፕሪንጉ ጻፈ፦

አዎ፣ የካርሎስ ልጅ ነው። አባትየውም ዱክ ተጫውቶ በ2002 ሁለተኛ ዙር ላይ ነው የተጠራው፤ ሁለት ጊዜ ኦል ስታር ሆኗል።

በሉ ጨዋታ እንጀምር። እያንዳንዳችሁ ከሶስቱ አንደኛ ማን እንደሚሆን ጻፉና፣ ከሶስቱ ውጪ እስከ 20ኛ የሚገባ አንድ ማንም የማያወራለት ልጅ ጨምሩ። ምክንያት ያልጻፈ አይቆጠርለትም። "ነጥብ ያገባል" ምክንያት አይደለም። አንደኛ የመምረጥ ዕጣ የሚወጣለት ክለብ ማን እንደሆነ አትገምቱ፤ ዳላስ በ1.8 በመቶ ዕድል ፍላግን የወሰደበትን ዓመት አይታችኋል።


ቤቲ ከሚኒሶታ ጻፈች፦

ቡዘር አንደኛ። ምክንያት፦ ሃይስኩል እያለ ሳየው ሪባውንድ ይዞ ከመውረዱ በፊት ለማን እንደሚያቀብል አውቆ ነበር። ሁለተኛውን ስም ባለቤቴ ካልሰረቀኝ ማታ እጽፋለሁ።


ሬይኒየር ጻፈ፦

ፒተርሰን። ጋርድ ነው፣ ቁመት አለው፣ ሁለቱንም በኩል ይጫወታል። ተጨማሪዬ የኬንታኪ ልጅ ነው፣ የቱ እንደሆነ ሳያቸው እነግራችኋለሁ፤ ከቋሚዎቹ ውጪ የሚቀመጥ እንደሚሆን ግን ከአሁኑ አስመዝግቡልኝ።


ቁጥር አዋቂ ጻፈ፦

እኔ እስከ ጥር አንድም ስም አልጽፍም። መቶ መቶ ፍሪ ስሮው ይወርውሩ፣ ከዚያ እንነጋገር።


የሲልቨር ስፕሪንጉ ጻፈ፦

አይቻልም ወንድሜ፣ መዝገቡ የሚዘጋው የመጀመሪያው ጨዋታ ማታ ነው። በር ላይ ያለኸው ወንድማችን ግን ስም ከመጻፍ ታግደሃል፣ ያንተ ከውስጥ አዋቂ ንግድ ነው።